ከጎን የሚመጣ ብርሃን

ሰኞ

ዛሬ በታናሽ እህቴ ቤት አዲስ መብራት ተመረቀ። ሪባን አልተቆረጠም እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቷል፤ ንግግርም ነበር። እህቴ ሳሎኑን አጨልማ፣ ሁላችንን ሶፋ ላይ ደርድራ፣ «ዝግጁ ናችሁ?» ብላ ማብሪያውን ተጫነች። አምፖል የሚባል አይታይም። ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን በሚዞር ሰሌዳ ጀርባ መብራት ተደብቋል፤ ብርሃኑ ወደ ላይ ይወጣና ኮርኒሱን አጥቦ ተመልሶ በሰው ላይ ይወርዳል። የሁላችንም ፊት ባንዴ አሥር ዓመት ቀነሰ። እህቴ የራሷን አሥራ አምስት ነው የምትለው።

ስትሸኘኝ በር ላይ፣ «የእናንተ ሳሎን እኮ» አለች፣ «እዚያች አንድ አምፖል ሥር ስቀመጥ ምርመራ ላይ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ያላደረግኩትን ሁሉ ማመን ያምረኛል።»

ልብ ይባል፤ ይህ የተነገረው በከተማው ስመ ጥር ለሆነው ለሳኝ ሚስት ነው። ባሌ የለሰነው ግድግዳ ላይ ዝንብ ያዳልጠዋል ይባላል። ሰው ሁሉ «ማስተር» ነው የሚለው፤ እኔም ለምዶብኝ «ማስተር፣ ምሳ ቀርቧል» እላለሁ። የሳሎናችንንም ኮርኒስ ባለፈው የዝናብ ወቅት ብቻውን የለሰነው እሱ ነው። እዚያ ኮርኒስ መሐል አንዲት አምፖል እንደ ተሰቀለ ሽንኩርት ተንጠልጥላለች።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ዝናቡ ሳያባራ ሳሎኔ የተደበቀ መብራት ይኖረዋል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

ማክሰኞ

ይግባኝ ተጠየቀ።

«መብራት ምን ሰርቆ ነው የሚደበቀው?» አለ ማስተር። ቀጥሎ አቧራ ይጠራቀምበታል አለ። ቀጥሎ የእሳት ራት ይጎርፍበታል አለ። ቀጥሎ ዓይን ያደክማል አለ፤ ይህንን ለእኔ፣ መነጽር ቤት ውላ ለምትገባ ሴት።

«ኮርኒሱን እንዳትነካኪብኝ» አለ በመጨረሻ።

«አልነካውም። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ብርሃኑ ይነካዋል» አለና ወጥቶ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጢሙን ቤት መላጨት ትቷል። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወሬው ደስ ይላል ይላል። ሃያ ዓመት በአንድ መስታወት ፊት ራሱን ሲላጭ ወሬ እንዳማረው አላውቅም ነበር።

ረቡዕ

የመነጽር መደብራችን ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት። አንድ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ሰሌዳ ትልቁን ፊደል ብቻ አነበበና፣ «ሌላው በደንብ አልታተመም» አለኝ። ፊደሎቹ ደህና ናቸው ስለው፣ «እንግዲያው መስኮታችሁ ይጸዳ» አለ። ሁለት ጊዜ አስሞከርኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የኛ ሆነ። መነጽር ሳይገዛ ወጣ፤ በሩንም ገፋው፣ በሩ የሚሳብ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ሚስቱ እንዴት ትችለዋለች?

ሐሙስ ማታ

ተቋራጩ መጣ። ማስተር ከሱ ጋር ብዙ ቤት ሠርቷል። ሲገባ ድምፁ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው።

«ማስተር! የሠርግ አዳራሹ ተገኘ! ባለቤቱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ኮርኒሱን የማስተር እጅ ካልነካው አልፈርምም።› እኔም ‹ሌላ እጅ አላውቅም› አልኩት።» ሥራው ዝናቡ እንዳባራ ይጀመራል። ኮርኒሱ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ የሚሠራው የእንጨት መቆሚያ ሰገነት ተገጥሞ ነው። እና ዙሪያውን በሙሉ የተደበቀ መብራት ይገባለታል።

እኔ ከወጥ ቤት እየሮጥኩ ወጣሁ። «ሰማህ ማስተር? አገር ምድሩ እየደበቀ ነው!»

ተቋራጩ ሳቀ። ማስተር በአፉ ብቻ ሳቀ። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እንደ ሹመኛ።

ሻይ ቀዳሁ። ለተቋራጩ እስከ አፉ፣ ለማስተር እስከ ግማሽ። ማስተር ሙሉ ብርጭቆ አይወድም። ከመቼ ጀምሮ እንደማይወድ የጠየቀኝ የለም፤ ስለዚህ እዚህም አልጽፈውም። ተቋራጩ ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ውል ይዞ ሊመጣ ተቀጣጠሩ።

ከሄደ በኋላ ማስተርን፣ «ደስ አላለህም?» አልኩት።

«ደስ ብሎኛል እኮ» አለ፤ ሰው ጥርሱን ሊነቀል ሲቀጠር የሚለውን ዓይነት።

ቅዳሜ

ባል እምቢ ካለ ሚስት መሰላል አላት። የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጩ ጠና ያለ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው።

«ሞቅ ያለ ነው ቀዝቀዝ ያለ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ብርሃኑ ነዋ።»

«ለብ ያለ የለም?»

አልሳቀም። ሞቅ ያለ ማለት ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቀዝቃዛ ማለት እንደ ሆስፒታል ኮሪደር የነጣ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኝ። ሞቅ ያለውን ወሰድኩ። ሆስፒታል ቤቴ ምን ይሠራል?

«ማነው የሚገጥምልሽ?»

«ራሴ።»

«ባል የለሽም?»

«አለኝ። ለሳኝ ነው።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ዳቦ ጋጋሪም ቤቱ ሲገባ ዱቄት ማየት አይፈልግም።»

ጥቅሉን፣ ትራንስፎርመሩንና ብሎኑን ጠቀለለልኝ። ጥቅሉ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ፣ ጥቃቅን መብራቶች የተደረደሩበት ረጅም ሪባን ነው። «ሰሌዳውን ከኮርኒሱ ራቅ አድርጊው» አለኝ፣ «ከተጠጋ ብርሃኑ ኮርኒሱን ይልሰዋል።» እሺ አልኩ። ይላስ! ኮርኒሱን የለሰነው ማን ሆነና።

ሰኞ፣ ጠዋት

ሥራ ከመግባቴ በፊት። ሁለት ቀዳዳ በሰላም ሰረሰርኩ። ሦስተኛው ብረት አገኘ። መሰርሰሪያው ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። አቧራ በላሁ። ረፈደብኝ።

ማክሰኞ

ማስተር መሰላሉን ሊይዝልኝ ፈቀደ። መሰላሉን ብቻ፤ ስለ ሌላው ነገር ገለልተኛ ታዛቢ ነኝ ብሏል።

ላይ ሆኜ «ብሎን አቀብለኝ» አልኩት። ከሳጥኑ አንዷን አነሳ፤ ወደቀች። ሌላዋም ወደቀች። ሦስተኛዋን በሁለት እጁ ይዞ ሲያመጣ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ነበር። ግድግዳ ላይ ለሚያስተውል ሰው ብዙ የሚታይ ነገር አለ።

የዘንድሮ ብሎን ጥራት የለውም፤ ያሟልጫል። ከዛሬ ጀምሮ ብሎኖቹን ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ለጥራቱ ስል ነው።

ሐሙስ

ሰሌዳው ዙሪያውን ቆመ። ሻጩ ካለው ይልቅ ወደ ኮርኒሱ አስጠጋሁት፤ እህቴ ረጅም ናት፣ አንገቷንም ታሰግጋለች፣ የተደበቀውን ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ጥቅሉን ግን እንደ መጋረጃ ጨርቅ ለክቼ በመቀስ ቆረጥኩት። ለካ የሚቆረጠው ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ሞተ። ይዤው ሄድኩ፤ ሻጩ አገላብጦ አየና፣ «ገድለሽዋል» አለ። ሌላ ገዛሁ። እህቴም ደወለች፦ «እስካሁን? እኛን ባለሙያው ባንድ ቀን ነው የጨረሰልን።» እኔም ባለሙያው ሠራ እንጂ አንቺ ምን ሠራሽ አልኳት። አልሰማችም፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ

በራ።

ማስተር አልነበረም። አምፖሏን አጥፍቼ፣ መሐል ሳሎን ቆሜ፣ ለራሴ «ዝግጁ ነሽ?» ብዬ ተጫንኩት። በበሩ በኩል ያለው ኮርኒስ እንደ ረጋ ወተት ሆነ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለእህቴ ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ በኩል አየሁ።

መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። መጋረጃውን ሳብኩት፤ አልሄደም። ከዚያ ጥቅሉ ተጣሞ የተለጠፈ መሰለኝ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ አየሁት፤ ቀጥ ብሏል። ኮርኒሱ ከመሐሉ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ሞገድ ነው፤ ልስኑን የሚያለሰልስበት መለሰኛ ሄዶ፣ ቆሞ፣ ተንሸራቶ፣ ተመልሶ ሊያርመው ሞክሮ፣ እንደገና ተንሸራቶ። ወደ መስኮቱ በሄደ ቁጥር ይብሳል። ጥግ ላይ ሲደርስ የሕፃን ጽሕፈት ነው።

ማስተር ድሮ አንድ ግድግዳ ሲጨርስ መብራቶቹን በሙሉ አጥፍቶ፣ የእጅ መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግቶ ያበራ ነበር። ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ያቆላምጣል፤ ከጎን የሚመጣ ግን ፀጉር የምታህል ጉብታ እንኳ ጥላ አስወጥቶ ያጋልጣል። «ተመልከቺ፣ ሐሜተኛውን ጠራሁት፣ የሚለው አጣ» እያለ ይኮራብኝ ነበር። ይህን ኮርኒስ የጨረሰ ቀን ሐሜተኛውን አልጠራውም። ባትሪ የለውም ብሎ ነበር። ባትሪ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

አጠፋሁት። አምፖሏን አበራሁ። አምፖሏ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የምታየው፤ ጨዋ ናት። ኮርኒሱ እንደ ድሮው ልሙጥ ሆነ።

ጥፋቱ የሰሌዳው ነው፤ በጣም አስጠግቼዋለሁ። ሻጩም ነግሮኝ ነበር።

እሑድ

ማስተር ጠየቀኝ። «መብራትሽስ?»

«አልበራም። ትራንስፎርመሩ ነው።»

«እንዲያ ነው» አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ዕረፍት ነው ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ፤ ዕረፍት የሚመስል ነገር ነው።

ከሰገነት ላይ ሰው ቢወድቅ ስንት ሜትር ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ሳህን እያጠብኩ ነበር።

ረቡዕ

ዕቅድ አለኝ። ሞገዱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አስተካክለዋለሁ፣ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ማንም ምንም አያውቅም። ከሥራ ራስ ምታት ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ማስተር እስኪገባ ገና ብዙ ጊዜ አለ።

ረቡዕ፣ ማታ

ብዙ ጊዜ አልነበረም።

መሰላል ላይ፣ ፀጉሬ ላይ ፌስታል አስሬ፣ ዱቄት እንደ ወረደበት ወፍጮ ቤት ሆኜ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። የተደበቀውን መብራት አብርቼ ነበር፤ ያለሱ ምን እንደምፍቅ አይታየኝማ። ሞገዱ መሐል ጉድጓድ ጨምሬበት ነበር።

ማስተር በሩ ላይ ቆመ። ትራንስፎርመሩ በሰላም እያበራ ነው።

«የማንን ሥራ ነው የምታርሚው?» አለ።

«የመብራቱን ነው» አልኩ። 

«ውረጂ።»

ወረድኩ። ጫማውን ሳያወልቅ ገባና ከበሩ ጀምሮ አንገቱን አቅንቶ፣ ኮርኒሱን እያነበበ ቀስ ብሎ ተራመደ። ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ነው የሚመስለው።

«ከዚህ ጀመርኩ» አለ። «እስከዚህ ድረስ ውሃ ነው። ይታይሻል? እዚህ ጋ ደክሞኝ አረፍኩ። ስመለስ ይኸው። መለሰኛው ከበደኝ መስሎኝ ነበር፤ ቀየርኩት። እዚህ ጋ ደግሞ በግራዬ ሞከርኩ።» መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «እስከዚያ ድረስ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ነው።»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሁለታችንም እንደ ሩቅ አገር እንግዳ አየነው። ዝም ብሎ በአየር ላይ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ፤ ነፋሱ ብቻ የለም።

«ሰሌዳውን ባወርደው አይታይም» አልኩ። «ነገ አወርደዋለሁ። ብሎኑ እንዳለ ነው፣ ቀላል ነው፣ አንድ ስንዝር ብቻ…»

«የአዳራሹንስ ታወርጂዋለሽ?»

ፌስታሉን ከፀጉሬ ላይ ፈታሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ በፌስታል የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

«እምቢ በለው እንግዲህ» አልኩት።

«እላለሁ። ሳላሳየው ግን አይገባውም። ቅዳሜ ይህንኑ ነው የምታበሪው።»

ሐሙስ

ማስተር ተኝቷል። እኔ አልተኛሁም። እሱ እምቢ ካለ ነገ ከነገ ወዲያ ምን ይሠራል? ለዚህ ሰው እጁ ነው ማስተር የሚባለው። እሺ ካለስ? ያንን ደግሞ እዚህ ላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ሐሳቤን ቀይሬ ቅዳሜ ጠዋት ፊውዙን እነቅላለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ያንን የመነጽር ሰውዬ አስታወስኩት። ፊውዙ ባለበት ይሁን።

ቅዳሜ

ተቋራጩ መጣ። ድምፁ መጀመሪያ፣ ሆዱ ቀጥሎ፣ ውሉ ያለበት ቦርሳ በመጨረሻ። መብራቱን ሲያይ አጨበጨበ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ የገጠምሽው? ልቅጠርሽ እንዴ?» ቁጭ አለ። ወደ ላይ አየ። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ እያዞረ ወደ ላይ ማየቱን ቀጠለ። «ማስተር፣ ይሄን ማን ነው የሠራው? በገዛ ቤትህ እንዲህ ሲያላግጥብህ ዝም አልከው? ሰውየውን ብቻ አሳየኝ!»

«እያየኸው ነው» አለ ባሌ።

ተቋራጩ ሳቀ። ሳቁ ብቻውን ትንሽ መንገድ ሄደና አብሮት የሚሄድ ሲያጣ ቆመ። ማስተርን አየ። እኔን አየ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

«መብራቱ ነው እኮ» አለ ተቋራጩ። «ከጎን ሲመጣ የማን ሥራ ያምራል?»

«ያንተም አዳራሽ መብራቱ ከጎን ነው።»

ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደላደለ። ጎንበስ አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ማስተር። ማንም ማወቅ የለበትም። ልጆች ይለስናሉ፣ አንተ ሥር ቆመህ ትታያለህ። ባለቤቱ የሚፈልገው ስምህን ነው። ስምህን ብቻ ስጠኝ።»

ማስተር ወደ መስኮቱ በኩል በአገጩ አመለከተ። «ስሜ እዚያ ነው ያለው። ከፈለግህ ውሰደው።»

ተቋራጩ ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ። በር ላይ ማስተርን አቀፈው፤ ረጅም ጊዜ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላ ለሳኝ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ነው። ከሄደ በኋላ ማስተር «መብራቱን አታጥፊው» አለኝ። እኔም ላጠፋው አልተነሳሁም ነበር። እዚያው ሥር ተቀመጥን። በከተማው ከሱ የባሰ ኮርኒስ የለም፤ ፊታችን ግን አሥር ዓመት ቀንሷል።

«ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አለ።

«እንሄዳለን» አልኩት።

ሰኞ

ኮሪደሩ ቀዝቃዛው ዓይነት ብርሃን ነው፤ ሻጩ ልክ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ማስተርን ሸሚዙን አስወልቃ መረመረችው፤ እጅዎን ይዘርጉ አለችው፤ ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥታ ከመሐል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ክብ አሳየችውና እንደሱ እንዲስል ጠየቀችው። ምላሱን ነክሶ ሳለ። ሲጨርስ አየውና «ይሄ ፈርሶ እንደገና ይሠራ» አለ። ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱ ቀልዱን አልነበረም።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አለችው።

«ቅርብ ጊዜ ነው» አለ ማስተር። «ኮርኒሱን ስሠራ ነው መሰለኝ።»

«ከዚያ በፊት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር። «ካለፈው የዝናብ ወቅት በፊት ነው። መጀመሪያ ቁልፉ የበሩን ቀዳዳ ማግኘት አቃተው። ቀጥሎ ማንኪያ ትቶ በሹካ መብላት ጀመረ። ቀጥሎ ፊርማው ተለወጠ። መጀመሪያ ቀኙ ብቻ ነበር፤ አሁን ሲደክመው ግራውም አለበት። ሲተኛ ይተወዋል።»

ሐኪሟ ጻፈች። ማስተር ዞሮ አየኝ።

«ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ሐኪሟ ምርመራ አዘዘች፤ የሚሞከር መድኃኒት አለ አለች፤ የሚያድነው ይሁን የሚያስታግሰው ገና ነው፤ መሰላልና ሰገነት ግን ከዛሬ ጀምሮ የለም አለች። ማስተር እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ሸሚዙን እንደ ደረበ ወጣን።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። እዚያ መሐል ቆሞ የሸሚዙን ቁልፎች ሞከረ። አንዱ ገባ፤ በማይገባው ቀዳዳ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ሰው ያያል። እኔ ግድግዳ ፈለግኩ፤ ከዚያ ፍለጋውን ተውኩት። ፊት ለፊቱ ቆምኩና ከላይ ጀምሬ መቆለፍ ያዝኩ። አገጩን ቀና አደረገልኝ።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት አዩን። «እንዴት ያለ ቅምጥል ባል ነው የገጠመሽ ልጄ!» አሉ። «እጅ የለውም እንዴ?»

ማስተር ወደ እሳቸው ዞረ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው።

«ይንቀጠቀጣል፣ እማማ» አለ፤ ኮሪደሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «ለሳኝ ነበርኩ። ከጀመረው ዓመት አለፈው።»

ሴትዮዋ እጁን አዩት፣ ፊቱን አዩት፣ ከዚያ ቦርሳቸውን ከአግዳሚው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ታዲያ ምን ያቆምሃል?» አሉ። «ና፣ ቁጭ በል። እኔም ጉልበቴን ነው።»

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፍኩለት። ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።